ስም የማይጻፍበት ቅጽ

ጋሽ አስናቀን ከአሠልጣኝነት ያነሳው ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት ሥርጉት ቁርሷን አሟጣ በላች። ከዚያ ክፍል ገብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማስታወሻ ያዘች፤ ምሳ ላይም ተሰልፋ ድርሻዋን ተቀበለች። የቡድኑ ልጆች በየጥጉ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እሷ ውሃዋን እየጠጣች ታያቸው ነበር። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። ቢሆንም አልመጣላትም።

የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ነበረች፤ አራተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ። ዩኒቨርሲቲው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ነው። የቡድኑ ሜዳ ደግሞ ከአጥሩ ጥግ፣ ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ላይ ስለሆነ፣ በኃይል የተመታ ኳስ አንዳንዴ እንቦጩ ላይ ያርፍና በእንጨት እየጎተቱ ያወጡታል። ጋሽ አስናቀ ቡድኑን በዚያ ሜዳ ሃያ አንድ ዓመት አሠልጥነዋል። አጭር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ይበልጣል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጮሁ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ባለታንኳዎች ሳይቀሩ ዘወር ብለው ያያሉ።

ሥርጉትን ለቡድኑ ያተረፏት እሳቸው ነበሩ። አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ዜማ ያስተምራሉ። ልጃቸው በቁምጣ ኳስ ትጫወታለች የሚል ወሬ በመጀመሪያው ዓመት ደረሳቸውና «ትተወው» የሚል መልእክት ላኩ። እሷም ተወች። ጋሽ አስናቀ ይህን ሲሰሙ ምንም ሳይሏት በቅዳሜ ጀልባ ተሳፈሩ። ዋና አይችሉም፤ ውሃም ይፈራሉ። ዘጌ እስኪደርሱ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደነበር ባለጀልባው ኋላ እየሳቀ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ከመሪጌታ ጋር አንድ ቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠው «ልጅዎ በሱሪ ትጫወታለች፤ ቃሌ ነው» አሏቸው። መሪጌታም ብዙ አሰቡና «እንግዲህ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» ብለው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲያ በረጅም ሱሪ የምትጫወት ብቸኛዋ ልጅ እሷ ሆነች። ዳኛ በተቃወመ ቁጥር ጋሽ አስናቀ ሜዳ ገብተው ይሟገቱላታል። አንዴ ከሜዳ እስኪባረሩ ተሟግተውላታል።

ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። የጻፈችውንም ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የጻፈችው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት፣ አዲሱ የስፖርት ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ዶክተር ግሩም ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። በመጣ በሳምንቱ የስድስቱን ቡድን ተጫዋቾችና አሠልጣኞች አዳራሽ ሰብስቦ «ዶክተር አትበሉኝ፣ ግሩም በሉኝ» አለ። ማንም አላለውም። ግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳየ ስለ አዲሱ መዋቅር አስረዳ። ልምምድ ከሐይቁ ዳር ወደ ጂምናዚየም ይገባል፤ ሰዓቱም ከማለዳ ወደ ከሰዓት ይዞራል፤ ተጫዋች ሁሉ ይለካል፣ ይመዘናል፤ አሠልጣኝም ይመዘናል። «ሰው ለማባረር አልመጣሁም» አለ። «ሁሉንም በሚመጥነው ቦታ ማስቀመጥ ነው የፈለግኩት።» ጋሽ አስናቀ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ይጽፉ ነበር። ሥርጉት በትከሻቸው በኩል ስታይ የጻፉት የነገውን የልምምድ አሰላለፍ ነው።

ከዚያ ቅጽ ታደለ። ስም አይጻፍበትም ተባለ። የመጨረሻው ጥያቄ በአሠልጣኛችሁ አሠራር ላይ መስተካከል ያለበት ምንድን ነው የሚል ነበር። ሌሎቹ ልጆች «ምንም» ብለው ወይም ባዶውን ትተው መለሱ። ሥርጉት ግን ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገጹን ሞላች።

አሠልጣኛችን ቡድናቸውን ይወዳሉ፣ የተጫዋች ሕመም ግን አያምኑም ብላ ጻፈች። ባለፈው ዓመት ቁርጭምጭሚቷ ያበጠ ልጅ በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ እንድትሮጥ አድርገዋል፤ እስከ ዛሬ በሁለት እግሯ እኩል አትዘልም። በግጥሚያ መሃል ስማችን ይጠፋባቸዋል፤ ተጫዋች መቀየር ይረሳሉ፤ ስንነግራቸው ይጮሃሉ። ሁሉም እውነት ነበር። ስትጨርስ የሆነ ሸክም ያወረደች ያህል ቀለላት። በሕይወቷ እንደዚያ የቀለላት የመጨረሻዋ ቀን ያች መሆኗን ያን ጊዜ አላወቀችም።

በኅዳር ደብዳቤው ተለጠፈ። አቶ አስናቀ ከአሠልጣኝነት ተነስተው የስፖርት ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆነው ተመድበዋል ይላል። ምክንያቱም ከሥር ተዘርዝሯል፤ «የቡድኑ አባላት በሰጡት አስተያየት መሠረት» ከሚለው ቀጥሎ የሥርጉት ዓረፍተ ነገሮች አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይቀየር ተገልብጠዋል።

በሦስተኛው ቀን እሷና ሩሐማ ማሊያ ያጥቡ ነበር። ሩሐማ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋና የቡድኑ ዋና መቺ ናት፤ ሥርጉት ኳሷን ታነሳላታለች፣ እሷ ትመታለች። ቁርጭምጭሚቱ የሷ ነበር።

«ስለ እግሬ ማን ጻፊ አለሽ?» አለች ሩሐማ፣ ከሳፋው ቀና ሳትል።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«‹በሁለት እግሯ እኩል አትዘልም› የሚል ሌላ ማን አለ? ለሐኪሙም እንዲያ ብለሽ ነው የነገርሽልኝ።»

«ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው አላልሁም። የኔ ነው አልሁ እንጂ። በኔ እግር ሰው አወረድሽበት።»

«እንዲታረሙ ብዬ ነው የጻፍሁት። ይነሱ አላልሁም።»

«ታዲያ ለሳቸው አትነግሪያቸውም ነበር?»

ሥርጉት የያዘችውን ማሊያ ጨመቀችው። «ይጮሁብኛል ብዬ።»

«ይጮሁብሻላ። ከዚያስ?» አለች ሩሐማ። የራሷን ልብስ ለብቻ ሰብስባ ሄደች።

ዕቃ ክፍሉ ከጂምናዚየሙ መግቢያ አጠገብ ነው። ዕቃ የሚሰጠው ደረት ድረስ በምትደርስ መስኮት በኩል ነው። ጋሽ አስናቀ በመስኮቷ ውስጥ ሲቆሙ ከትከሻ በላይ ብቻ ይታያሉ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ኳስ ሊወስዱ መጥተው መስኮቷ ፊት ተሰለፉ።

«ስንት ልስጣችሁ?» አሉ።

«ስምንት» አለች ሥርጉት።

ስምንት ኳስ አንድ በአንድ አወጡ። ሁሉም በልኩ የተነፋ፣ በጨርቅ የተወለወለ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያማረ ኳስ ይዛ አታውቅም። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች፤ እሳቸውም «ደኅና ተጫወቱ» አሉና ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሲጮሁ እንኳ የምታውቀው ድምፅ ነበራቸው። የዚያን ቀኑ ግን የማንም ሰው ድምፅ ነው። ይህን ልብ አለች። ልብ ማለቷንም ልብ አለች። ከዚያ ያለፈ አልተሰማትም።

አዲሷ አሠልጣኝ ባምላክ ትባላለች፤ ክለብ ተጫውታ ያቆመች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ሥርጉት ልትጠላት ሞክራ ነበር፤ ምክንያት አጣች። ባምላክ ስማቸውን በሁለት ቀን ያዘች። የሩሐማን እግር አይታ ለሁለት ወር መዝለል ከለከለቻት፤ በየቀኑም አጠገቧ ተቀምጣ እግሯን በላስቲክ እንቅስቃሴ አሠራቻት። ሥርጉት በሱሪ የምትጫወትበትን ምክንያት አልጠየቀችም። የቡድኑ ሁሉ ልብስ ሲሰፋ ለሷ ረጅሙን አዘዘችላት። ጥር ላይ ሩሐማ በሁለት እግሯ እኩል ዘለለች። እግሯ ድኗል። ሥርጉትንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ በፊቱ ታወራት ጀመር፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ሜዳ። ስለ ጋሽ አስናቀ ግን አንድም ቃል አትተነፍስም።

ሥርጉት ደግሞ ሁሉን በሰዓቱ ታደርግ ነበር። ትነሳለች፣ ትማራለች፣ ትጫወታለች። አባቷ ሲደውሉ «ጋሽ አስናቀ እንዴት ናቸው?» ይሏታል፤ «ደኅና ናቸው» ትላለች። ከፋሲሎ ሰፈር በሚመጣው ታክሲ ውስጥ አንድ ሕፃን ቀሚሷ ላይ አስመለሰባት፤ ጨርቅ አውጥታ ጠርጋ መንገዷን ቀጠለች። እናቲቱ ይቅርታ ስትላት እንኳ የሌላ ሰው ቀሚስ የተበላሸ ነው የመሰላት።

በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር እዚሁ ባሕር ዳር ተደረገ። ቡድናቸው ለፍጻሜ ደረሰ። የመጨረሻዋን ነጥብ ያገኙት ሥርጉት ወደ ኋላ በአናቷ አሻግራ ባነሳችው ኳስ ነው። ሩሐማ መታችው፤ ማንም አልደረሰበትም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዋንጫው ተመለሰ። ልጆቹ መሬት ላይ ተደራርበው ወደቁ፤ ሥርጉትም ከላያቸው ተደረበች፤ እንዲያ ስለሚደረግ። ዶክተር ግሩም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አየችው። ሰውየው ከልቡ ደስ ብሎታል።

ለፎቶ ሲሰለፉ የስፖርት ክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ይምጣ ተባለ። ጋሽ አስናቀ በወዲያኛው የሜዳ ጫፍ ጎንበስ ብለው ኳስ በመረብ ከረጢት እየሰበሰቡ ነበር። አንድ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚያነሱት። ባምላክ ሮጣ ሄዳ ጠራቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ሩሐማ በጆሮዋ። «እንዳሸነፈ ሰው አይደለሽም።»

«ምንም አልሆንሁም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች ሩሐማ።

በግንቦት መጀመሪያ ጋሽ አስናቀ ከመስኮቱ ጠፉ። ኳስ የሚሰጠው ሌላ ሰው ሆነ። ሥርጉት ሦስት ቀን ታግሳ ፋሲሎ ወዳለው ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም በር ላይ ተቀበሏት።

«ወንዛዬ ሄደዋል» አሏት። «ጉልበታቸው አላስቆማቸው ሲል ፈቃድ ጠይቀው። ፍል ውሃው ይሻላቸዋል። እሑድ ድረስ እዚያ ናቸው።» ከዚያ ቆም ብለው አዩዋት። «ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ደስ ይላቸዋል» አሉ። ያልተናገሩት ነገር እንዳለ ያስታውቅባቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሐሙሲት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ አቧራውን በባጃጅ ሄደች። ወንዛዬ ስትደርስ ሰው ከየሰፈሩ ስንቁን ይዞ፣ በሽተኛውን ደግፎ ተሰብስቧል። ጋሽ አስናቀ ታጥበው ወጥተው፣ ጋቢ ደርበው አንድ ሾላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው እርጥብ ነው። በጋቢ አይታቸው ስለማታውቅ ሌላ ሰው መሰሏት።

«ሥርጉት» አሉ። ስሟ አልጠፋባቸውም።

«እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ውሃው ውስጥ ሳለሁ ደኅና ነው። ስወጣ ያው ነው። ተቀመጪ።»

ያመጣችውን ሙዝ አጠገባቸው አስቀምጣ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን ሁሉ ትታ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ቅጹ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተለጠፈ ቀን ጀምሮ። አራት ዓመት ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ እኮ። ያንቺን አነጋገር ላጣው ነው?» ሙዝ አንስተው ላጡ፤ ግማሹን ሰጧት። «መጀመሪያ ተናደድሁ። ቤቴ ገብቼ ‹ይች ልጅ ጉድ ሠራችኝ› አልኋት እናትዓለምን። እሷ ደግሞ ‹ያችን ልጅ በእብጠቷ አስሩጠሃታል ወይስ አላስሮጥሃትም?› አለችኝ። ምን እላታለሁ?»

«እንዲነሱ ብዬ አልጻፍሁም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ቢጻፍም ባይጻፍም ደክሜ ነበር። ይችም የመጣችው ልጅ ትችላለች። በመስኮት አያታለሁ፤ እኔ የማላውቀውን ታውቃለች።» ከውሃው የሚወጡትን ሰዎች አዩ። «አንድ ነገር ግን ከፍቶኛል። እኔ አባትሽን ለማነጋገር ያን ሁሉ ውሃ ተሻግሬ ሄድሁ፤ ስንቀጠቀጥ ነው የሄድሁት። አንቺ ደግሞ ከመረቡ ወዲያ ማዶ እስካለሁበት መምጣት አቃተሽ። እሱ ነው የከፋኝ። ሌላው አልከፋኝም።»

ሥርጉት ሕመሙን ጠበቀች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታውቃለች፤ ድዷ በመርፌ ደንዝዞ ሐኪሙ ሲጎትት ኃይሉ ይታወቃታል፣ ሕመሙ ግን የለም። እንደዚያ ነበር። ያሉት ቃል የገባበትን ቦታ ለይታ ታውቀዋለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«አድርጌልሻለሁ። ግን የሰማሽኝ አትመስይም።»

«ሰምቼዎታለሁ ጋሼ። የሚሰማኝ ነገር ነው ያጣሁት። ከኅዳር ጀምሮ።»

«ዋንጫውን ስታነሱም?»

«ያን ጊዜም።»

ጋሽ አስናቀ ዞር ብለው ፊቷን መረመሩት። የሚሰጠው መድኃኒት የሌለው ሰው አየት እንደሚያደርገው ነበር ያዩዋት። «እኔም ሩሐማን ይቅርታ ሳልጠይቅ ይኸው ግንቦት ደረሰ» አሉ። «በየቀኑ ኳስ ልትወስድ ትመጣለች። አፌ ላይ ይመጣና ‹ስንት ልስጥሽ› እላታለሁ። አፍሬ ነው።»

«ይንገሯት።»

«እነግራታለሁ። አንቺም ለዳይሬክተሩ የምትነግሪው ካለ ሂጂና ንገሪው። በወረቀት ሳይሆን በአፍሽ።»

ሲመሽ መኪና አይገኝም ብለው በጊዜ አሰናበቷት። ክንዳቸውን ይዛ ከድንጋዩ አስነሳቻቸው፤ ቀላል ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ግሩም ቢሮ ገባች። የዋንጫው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከወንበሩ በስተኋላ ተሰቅሏል። ሲያያት ፈገግ ብሎ ተነሳ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። ስትመረቂ እዚህ ቢሮ የተማሪዎች ስፖርት አስተባባሪ የሚባል ቦታ ይከፈታል። አንቺን ነው ያሰብኩት።»

«የኅዳሩ ደብዳቤ ላይ ያሉት ቃላት የኔ ናቸው» አለች።

የዶክተር ግሩም ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ቅጹ ስም አልነበረውም።»

«አልነበረውም። ግን ዐሥራ ሁለት ልጆች ነን፤ ውለን የምናድረው አብረን ነው። ማን ምን እንደሚል እንተዋወቃለን። ደብዳቤው እንደተለጠፈ ሁሉም አወቀ። እሳቸውም አወቁ።»

«ውሳኔው ማስረጃ ያስፈልገው ነበር፣ ሥርጉት።»

«ውሳኔው ስህተት ነው አላልሁም። አሠልጣኝ ባምላክ ጎበዝ ናት። ሩሐማ ድናለች። እኔ የምለው፣ ሃያ አንድ ዓመት የሠራን ሰው ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ጠርተው ሊያነጋግሯቸው ይገባ ነበር። እኔም ከመጻፌ በፊት ማነጋገር ነበረብኝ። ሁለታችንም አላደረግነውም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያለ መነጽር ፊቱ የተማሪ ፊት ይመስላል። «እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለ። «ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳሽው። ለቀጣዩ ዓመት ይጠቅመናል። አንድ ሁለት ገጽ አድርገሽ በጽሑፍ ብታቀርቢልኝ...»

«በቃል ነግሬዎታለሁ» አለች።

ዶክተር ግሩም ሊስቅ ብሎ ተወው። «እሺ» አለ። «ስለ ሥራው ግን አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። አመሰግናለሁ፤ ይቅርብኝ።»

ከቢሮው ስትወጣ ይቀለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልቀለላትም፤ አልከበዳትምም። በሐይቁ በኩል ዞራ ወደ ክፍል ሄደች።

ጋሽ አስናቀ ረቡዕ ወደ ሥራ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ሥርጉት ለልምምድ ስትመጣ ሩሐማ ቀድማ መስኮቱ ላይ ቆማ አገኘቻት። የኳሱ ከረጢት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሥርጉት ራቅ ብላ ቆመች። ጋሽ አስናቀ ከመስኮቱ ጠፉና በበሩ በኩል ወጡ፤ ከኅዳር ወዲህ ከዚያ ክፍል ለሰው ብለው ሲወጡ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው መናገር ጀመሩ። አይሰማም። ሩሐማ እጇን አጣምራ ወለሉን እያየች ታዳምጣለች። አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺታ ይሁን እምቢታ ከሩቅ አይለይም። ከዚያ የሆነ ነገር መለሰች፤ ረጅም ነበር። ጋሽ አስናቀ ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ከውስጥ ባምላክ ፊሽካ ነፋች። ሥርጉት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች፤ ሁለቱን እንዲነጋገሩ ትታም አሰላለፉን ለመያዝ ብቻዋን ገባች።